የተቃጠለ ዘይት ምን ይናገራል? የውሃ መሳቢያ ሞተርና የትራክተር ዘይት አመራረጥ እና የመቀየሪያ ጊዜ አወሳሰን



የውሃ መሳቢያ ሞተር በክረምት፣ ሥራ ፈት በሆነበት ወቅት ነክሶ አይቆምም። የሚቆመው በየካቲትና በመጋቢት፣ ሽንኩርቱ ኮረት በሚቋጥርበት፣ ወንዙም በሚቀንስበት፣ መካኒኩም በሌላው ሰው ሞተር በተጠመደበት ሳምንት ነው። ከርብና ከጉማራ ወንዝ ውሃ እየሳባችሁ የምታለሙ የፎገራ አርሶ አደሮች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። በዚያ ሰዓት አንድ ሳምንት ውሃ ያጣ ማሳ በኋላ ውሃ ቢጠግብም የቀረበትን አይመልስም።

በመስክ ክትትል ስንዞር ከምናያቸው የተበላሹ ሞተሮች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው አልቆ የቆሙ አይደሉም። ዘይታቸው ሳይቀየር የከረመ፣ የተሳሳተ ዘይት የተጨመረባቸው ወይም አቧራ ሲጠጡ የኖሩ ናቸው። «ዘይቱን መቼ ቀየራችሁት?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «ሲጠቁር እንቀይራለን» ወይም «በዓመት አንዴ» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ሞተር ያስበላሉ። ይህ የሥልጠና ጽሑፍ የዘይት መቀየሪያ ጊዜን በቀለም ወይም በዓመት ሳይሆን በሥራ ሰዓት መወሰንን፣ ከዚያም ከሞተሩ የሚወጣውን አሮጌ ዘይት መርምሮ ውሳኔውን ማስተካከልን ያስተምራል።

ቀለም ለምን አይታመንም?

የሞተር ዘይት ከማለስለስ ሌላ ሦስት ሥራ አለው። ሙቀት ያወጣል፣ ከቃጠሎ የሚመጣውን ጥላሸት በትኖ ይይዛል፣ በነዳጅ ውስጥ ካለው ድኝ የሚፈጠረውን አሲድ ይሰብራል። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጥቆሩ ጥላሸቱን ከብረቱ ላይ አንስቶ እንደያዘ ያሳያል። ስለዚህ የጠቆረ ዘይት ሥራውን እየሠራ ያለ ዘይት ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ የቤንዚን ሞተር ዘይት ቡናማ እንደሆነ ቆይቶ ውስጡ በአቧራና በቤንዚን ሊበላሽ ይችላል። ዓይን ጥላሸትን እንጂ አሲድን፣ ደቃቅ አቧራንና የዘይት መቅጠንን አያይም።

በእኛ አካባቢ ጉዳዩን የሚያከብደው የዘይቱ መጠን ማነስ ነው። ብዙዎቹ ባለ 5.5 እና ባለ 6.5 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ውሃ መሳቢያዎች የሚይዙት ዘይት 0.6 ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ ሦስት የውሃ ብርጭቆ ማለት ነው። የዘይት ፊልትሮም የላቸውም። ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮች ከዚህ የተሻለ ዘይት ቢይዙም፣ ብዙዎቹ ያላቸው ማጣሪያ ሻካራውን ብቻ የሚያስቀር ወንፊት ነው። ትልቅ ትራክተር ብዙ ሊትር ዘይትና ጥሩ ፊልትሮ ስላለው ትንሽ ጥፋት ይችላል። ሦስት ብርጭቆ ዘይት ግን የሚችለው ነገር የለም።

ጣሳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ

በጣሳው ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። የመጀመሪያው ኤስ ኤ ኢ ከሚሉት ፊደላት ጎን ያለው የውፍረት ቁጥር ነው። 40 ብቻ የተጻፈበት ዘይት ሲቀዘቅዝ በጣም የሚወፍር ነው። በቆላና በወይና ደጋ ለናፍጣ ሞተር ይሠራል፤ በደብረ ብርሃን ወይም በጉና ዙሪያ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ግን ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ዘይቱ ወደ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋጫል። 15 ደብሊው 40 የተባለው ዘይት ሲቀዘቅዝ እንደ ቀጭን፣ ሲሞቅ እንደ ወፍራም ይሠራል። ደብሊው የቅዝቃዜ ምልክት ናት። ይህ ዘይት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ ሞተር ለማስነሳት ስለሚያስችል በክልላችን የትኛውም ደጋ ይበቃል። ነጋዴው 5 ደብሊው የሚል ውድ ዘይት «ለደጋ የሚሆነው ይሄ ነው» ቢላችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። ለትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች አብዛኞቹ የአምራች መመሪያዎች የሚያዝዙት 10 ደብሊው 30 ነው። ከሞተሩ ጋር የመጣ መመሪያ ካለ ከማንኛውም ሰው ምክር ይቀድማል፤ የእኔንም ጨምሮ።

ሁለተኛው ኤ ፒ አይ ከሚሉት ፊደላት ጎን ያለው የጥራት ደረጃ ነው። በሲ የሚጀምር ለናፍጣ፣ በኤስ የሚጀምር ለቤንዚን ሞተር ነው። ለናፍጣ ሲ ኤፍ 4፣ ሲ ኤች 4 ወይም ሲ አይ 4 የሚል ፈልጉ፤ በእነዚህ ውስጥ ሁለተኛው ፊደል ወደ ኋላኛው በሄደ ቁጥር ደረጃው ከፍ ያለና አዲስ ነው። ለቤንዚን ኤስ ጄ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። አንድ ጣሳ ላይ ሁለቱም ተጽፈው ከተገኙ ዘይቱ ለሁለቱም ሞተር ያገለግላል፤ ቤት ውስጥ ናፍጣም ቤንዚንም ሞተር ላለው ሰው ይህ ይመቻል።

ሁለት ዓይነት ስህተት በተደጋጋሚ ያጋጥመናል። አንደኛው በጀርባ ለሚታዘለው የሞተር መርጫ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለውን ዘይት በውሃ መሳቢያ ሞተር ውስጥ መጨመር ነው። ያ ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ ተቃጥሎ እንዲያልቅ የተሠራ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ሁለተኛው የማርሽ ዘይትን «ወፍራም ነው፣ ይሻላል» ብሎ ሞተር ውስጥ ማድረግ ነው። የባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ማርሽ ቤትና ሞተር የየራሳቸው ዘይት አላቸው።

ከበርሜል በላስቲክ ጠርሙስ እየተቀዳ የሚሸጥ፣ ስም የሌለው ዘይት አትግዙ። ያገለገለ ዘይት ተጣርቶ አዲስ መስሎ ሊሆን ይችላል፤ በዓይን አይለይም። የጣሳው ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን አይታችሁ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ሞተሩ ሜዳ ላይ ዘይት ጎድሎት የያዛችሁት ዘይት ሌላ ስም ያለው ቢሆንስ? ደረጃውና ውፍረቱ ተቀራራቢ ከሆነ ጨምሩ። ጎድሎ ከመሥራት ተቀላቅሎ መሥራት ይሻላል።

ሰዓትን በጀሪካን መቁጠር

አዲስ ትንሽ የቤንዚን ሞተር የመጀመሪያው ዘይት የሚቀየረው በ20 ሰዓት ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ፣ ቀድሞ በደረሰው። ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በ50፣ ቀጥሎ በየ100 ሰዓቱ ይቀየርለታል። ባለ አራት ሲሊንደር ትራክተሮች በአብዛኛው 250 ሰዓት ተብሎ ይጻፍላቸዋል። የመጀመሪያው ቅያሪ መታለፍ የለበትም። አዲስ ብረቶች እርስ በርሳቸው ሲሞራረዱ የሚወጣው ብናኝ ሁሉ በዚያ ዘይት ውስጥ ነው፤ ፊልትሮ በሌለው ሞተር ውስጥ ደግሞ ሲዞር ይኖራል።

«ሞተሬ ሰዓት ቆጣሪ የለውም» ትሉ ይሆናል። ነዳጁ ሰዓት ይቆጥርላችኋል። አንድ ቀን ታንኩን እስከ አፉ ሙሉ፣ በተለመደው ፍጥነት ልክ አንድ ሰዓት አሠሩ፣ ከዚያ አጥፍታችሁና ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቃችሁ በመለኪያ እንደገና ሙሉ። የጨመራችሁት ሞተሩ በሰዓት የሚጠጣው ነው። ለምሳሌ 1.2 ሊትር ከሆነ 100 ሰዓት ማለት 120 ሊትር ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትር 6 ጀሪካን። ስለዚህ ጀሪካን ባለቀ ቁጥር በማስታወሻ ደብተር ላይ አንድ ጭረት አድርጉ፤ ስድስተኛው ጭረት የዘይት ቀን ነው። ይህ ዘዴ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ሞተሩ ከባድ ሥራ ሲሠራ ብዙ ነዳጅ ስለሚጠጣ ጭረቱ ቶሎ ይሞላል፤ ዘይቱም በእርግጥ ቶሎ ያረጀው በዚያ ሥራ ነው።

በዓመት አንዴ የሚለው ልማድ የት እንደሚያደርስ አብረን እናስላ። ሽንኩርት ለአራት ወር፣ በየ5 ቀኑ፣ በአንድ ጊዜ 6 ሰዓት ብታጠጡ 24 ጊዜ ይሆናል፤ 144 ሰዓት ማለት ነው። ሞተሩን ለሁለት ጎረቤት በዚያው ልክ ካከራያችሁ 432 ሰዓት ደረሰ። በአንድ የመስኖ ወቅት 4 ጊዜ ዘይት መቀየር ነበረበት። ለ0.6 ሊትር ሞተር አራቱም ቅያሪ ተደምሮ 2.4 ሊትር ነው። የዚህን ዋጋ በወረዳ ከተማችሁ ጠይቁና ፒስተንና ፋሻ ከማስቀየር ዋጋ ጋር አወዳድሩት። የኪራይ ሂሳብ ስትተምኑም ዘይቱን ጨምሩበት፤ ብዙዎች ነዳጁን ተከራዩ ስለቻለ ብቻ ያተረፉ ይመስላቸዋል።

አቧራ ባለበት ሥራ፣ በተለይ መውቂያ ማሽን ከኅዳር እስከ ጥር ሲሠራ፣ ሰዓቱን በግማሽ ቀንሱ። የአየር ማጣሪያውንም በየቀኑ እዩ። ዘይት የሚሞላበት ዓይነት የአየር ማጣሪያ ከሆነ ዘይቱ እስከ ምልክቱ መሞላቱንና ጭቃ አለመሆኑን አረጋግጡ። ማጣሪያውን አውጥቶ «እንዲተነፍስ» ብሎ ያለ እሱ ማሠራት የሚገባውን አቧራ ሁሉ ወደ ሲሊንደሩ መጋበዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ዘይት አያድነውም።

አሮጌውን ዘይት በቤታችሁ መመርመር

ዘይቱን የምታፈሱት ሞተሩ ሠርቶ ሞቅ ባለበት ሰዓት ነው። ቆሻሻው ያኔ ከዘይቱ ጋር ይወጣል። እጃችሁ እንዳይቃጠል ተጠንቀቁ። ከመድፋታችሁ በፊት ግን አራት ነገር ተመልከቱ።

መጠኑንና ሽታውን። ሞተሩን በተስተካከለ መሬት ላይ አቁሙ፤ ክዳኑ ላይ መለኪያ ያላቸው ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች ብዙ ጊዜ የሚለኩት ክዳኑን ሳታጠብቁ በማስገባት ነው። ዘይቱ ከቀነሰ እየተቃጠለ ወይም እየፈሰሰ ነው። ከጨመረ ግን አትደሰቱ። ዘይት አይወልድም፤ ነዳጅ ወይም ውሃ ገብቶበታል። በጣታችሁ መካከል አሽታችሁ ቀጭን ከሆነና ነዳጅ ነዳጅ ከሸተተ የናፍጣ መርጫው እያንጠባጠበ ወይም የካርቡሬተሩ ተንሳፋፊ አልዘጋ ብሎ ይሆናል። እንዲህ ያለ ዘይት ሰዓቱ ባይደርስም ዛሬውኑ ይቀየራል፤ መንስኤው ሳይጠገን አዲሱም ዘይት እንደዚያው ይሆናል።

የወረቀት ጠብታ። የማያብረቀርቅና ፈሳሽ የሚመጥ ነጭ ወረቀት በብርጭቆ አፍ ላይ አጋድሙ፤ መሃሉ ምንም እንዳይነካ ነው። በንጹሕ ስንጥር ከሞቀው ዘይት አንድ ጠብታ አኑሩበትና አሳድሩት። ጠዋት ላይ ግራጫው ከመሃል እስከ ዳር በእኩል ከተሰራጨ ዘይቱ ቢጠቁርም ገና ጥላሸት የመበተን አቅም አለው። መሃሉ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ነጥብ ተጠራቅሞ ዳሩ በስለት እንደተቆረጠ ከሆነ አቅሙ አልቋል፤ ሰዓቱ አልፏል ማለት ነው። ከጥቁሩ ውጭ ሰፊ የሣሣ ቀለበት ካለ ነዳጅ ጠርጥሩ። ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ከተሰነጣጠረ ውሃ ጠርጥሩ። አጠገቡ የአዲሱን ዘይት ጠብታ ለማነጻጸሪያ አኑሩ፤ ቀንና የጀሪካን ቁጥር ጽፋችሁ ደብተሩ ውስጥ አስቀምጡት። አንድ ወረቀት ብዙ አይናገርም፤ አራት ወረቀት ጎን ለጎን ሲሆን ነው ሞተሩ የሚነበበው።

የጋለ ብረት። አሮጌ ቆርቆሮ ወይም ብረት በከሰል ላይ አግላችሁ (ምግብ የሚሠራበት ምጣድ አይሁን) አንዲት ትንሽ ጠብታ ጣሉ። ፊታችሁን አርቁ። ዝም ብሎ ከጨሰ ደህና ነው፤ ከተንጫጫና ከፈነዳ ውሃ አለበት። ወተት የመሰለ ዘይት ደግሞ ይህ ፈተና እንኳ አያስፈልገውም። በውሃ የሚቀዘቅዙ ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ የሚያረጀው በሲሊንደሩ እጅጌ ዙሪያ ያለው የጎማ ቀለበት ነው። ውሃው በዚያ አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

ማግኔት። ከአሮጌ ሬዲዮ ድምጽ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይበቃል። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከዘይቱ ግርጌ የቀረውን ዝቃጭ በጥቂት ናፍጣ አቅጥናችሁ አንሸራሽሩበት። ደቃቅ ጥቁር ብናኝ ቢይዝ የተለመደ ነው። በጥፍር የሚያዝ ቅርፊት ቢይዝ ግን ሞተሩን አታስነሱት፣ ወደ መካኒክ ውሰዱት። ማግኔቱ የማያነሳው ቢጫ ወይም ነሐስማ ብልጭታ ካያችሁ ዋናው ዘንግ የሚሽከረከርበት ለስላሳ ማረፊያ እየተበላ ነው።

የቤተ ሙከራ ምርመራ ለማን ይጠቅማል?

ብዙ ትራክተር፣ ኮምባይነር ወይም ከባድ መኪና የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች ያገለገለ ዘይት ወደ ቤተ ሙከራ ይልካሉ። በእኔ ግምት ለ0.6 ሊትር ሞተር ይህ አያዋጣም፤ ለምርመራው የሚወጣው ገንዘብ ከዘይቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በማኅበር ትራክተር ወይም ኮምባይነር የገዛችሁ ግን ውጤቱን ማንበብ ማወቅ አለባችሁ።

ቤተ ሙከራው በዘይቱ ውስጥ ያለውን ብረት በሚሊዮን ክፍል ውስጥ ስንት እንደሆነ ይለካል፤ ፒፒኤም ይሉታል። ብረት የሲሊንደርና የማርሽ፣ መዳብና እርሳስ የዘንግ ማረፊያ፣ ሲሊከን በአብዛኛው የአፈር ምልክት ነው። ለማስተማሪያ ያህል ይህን እንውሰድ። አንድ ትራክተር በየ250 ሰዓቱ ሦስት ጊዜ ተመረመረ። ብረት 35፣ 48፣ 130 ሆነ። ሲሊከን 12፣ 15፣ 60። አሉሚኒየም 4፣ 5፣ 22። መዳብና እርሳስ አልተነቃነቁም። የሦስተኛው ብረት ብቻውን ቢታይ «ሞተሩ አለቀ፣ ይውረድ» ያሰኛል። ሲሊከንና አሉሚኒየም አብረው መዝለላቸው ግን አፈር መግባቱን ይናገራል፤ አሉሚኒየም በአፈርም በፒስተንም ውስጥ አለና። ማረፊያዎቹ ገና ደህና ናቸው። መጀመሪያ የሚታየው የአየር ማጣሪያውና ከሱ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ነው፤ የላላ ማሰሪያ ወይም ስንጥቅ ሊገኝ ይችላል። በወቅቱ ከተደረሰበት ሞተሩ ሳይወርድ ይተርፋል።

ከዚህ ምሳሌ የምትይዙት ነገር ውጤቱ የሚነበበው ከራሱ ከሞተሩ የቀድሞ ውጤት ጋር ተነጻጽሮ መሆኑን ነው። ሰዓቱም ይታሰብ። በ250 ሰዓት 48 የሆነ ብረት በ400 ሰዓት 60 ቢሆን በሰዓት ሲካፈል እንዲያውም ቀንሷል። ከብረቱ ሌላ የዘይቱ ውፍረት ከአዲሱ በሩብ ያህል ከቀነሰ ወይም አሲድ የመስበር አቅሙ ከአዲሱ ግማሽ ከወረደ ዘይቱ ይቀየር። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑና ሁለት ሦስት ምርመራ በተከታታይ ይህንኑ ካሳየ የመቀየሪያውን ጊዜ ከ250 ወደ 300 ሰዓት ማሳደግ ይቻላል፤ በአንድ ጊዜ እጥፍ ማድረግ አይቻልም። ማሽኑ ገና በሻጩ ዋስትና ሥር ከሆነ ግን መመሪያው ላይ ከተጻፈው ሰዓት አትለፉ።

የቤተ ሙከራው መሣሪያ የሚያየው እጅግ ደቃቁን ብናኝ ነው። ትልልቅ ቅርፊት ያመልጠዋል። ስለዚህ ቤተ ሙከራ የሚልኩትም ማግኔቱን አይጣሉ።

ናሙና ስትወስዱ ሞተሩ ሠርቶ እንደሞቀ ይሁን። መጀመሪያ የሚፈሰውን አሳልፉ፣ የመሃሉን 100 ሚሊ ሊትር ያህል በንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ተቀበሉ። የለስላሳ ጠርሙስ ታጥቦ ውሃ ከቀረበት ውጤቱ «ውሃ አለ» ይላችኋል። በጠርሙሱ ላይ የማሽኑን ጠቅላላ ሰዓት፣ ዘይቱ የሠራበትን ሰዓት፣ የዘይቱን ስምና ደረጃ፣ በመሃል የጨመራችሁትን ሊትር ጻፉ። ይህ ካልተጻፈ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

የተቃጠለውን ዘይት የት እናድርገው?

በቦይ፣ በጉድጓድ አጠገብ ወይም በማሳ ላይ አይደፋ። ለመዥገር ተብሎ በሬ ወይም ላም ላይ መቀባቱም ይቅር፤ በውስጡ ጎጂ ብረትና መርዛማ ነገር አለ፣ ቆዳውን ያቆስላል፣ እንስሳው ሲልሰውም ይመርዘዋል። ለመዥገር የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠይቁ። ዘይቱን ለምግብ በማያገለግል፣ ምልክት በተደረገበት ጀሪካን አጠራቅማችሁ ያገለገለ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ አስረክቡ።

ለቡድን ውይይትና ለቀጣዩ ሥልጠና

በየቡድናችሁ ሞተራችሁ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚጠጣ ለኩና 100 ሰዓት ስንት ጀሪካን እንደሚሆን አስሉ። ባለፈው የመስኖ ወቅት ስንት ጀሪካን እንዳቃጠላችሁና ስንት ጊዜ ዘይት እንደቀየራችሁ ጎን ለጎን ጻፉ። ከዚያ የዚህን ወር ዘይት ጠብታ በወረቀት ላይ አሳድራችሁ፣ ቀኑንና ጀሪካኑን ጽፋችሁ ወደ ቀጣዩ ሥልጠና ይዛችሁ ኑ። ጠብታዎቹን ግድግዳ ላይ ሰቅለን አብረን እናነባቸዋለን፤ ሞተሩን ለጎረቤት የሚያከራይ ሰው ወረቀት በተለይ እንዳይቀር።